የተፈነከተ ራስና በዕጣ የሚደረግ የሕክምና ሙከራ

በየጥኖራ ለቢቸናና ለሞጣ አካባቢ ነዋሪዎች የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ራሱን ተመትቶ ሆስፒታል ለገባ ሰው የሚደረግለት ሕክምና በእርግጥ የሚያድን መሆኑ በምን ይታወቃል? ሐኪሙ ከመምህሩ ስለ ተማረው ነው? በዓመታት ልምዱ ነው? ወይስ መጽሐፍ ስለሚል? መጽሐፉን የጻፈውስ ከየት አወቀው? ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ነው። ነገሩ ለሐኪሞች ጉባኤ ብቻ የሚተው አይደለም፤ መልሱ የሚገኘው በሕመምተኛውና በቤተሰቡ ፈቃድ ነውና። ፈቃዱን የሚጠየቅ ሰው ደግሞ ምን እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል።

በምሥራቅ ጎጃም ራስ መመታት ብርቅ አይደለም። በወሰን ጠብ በዱላ የሚፈነከት አለ፤ በገበያ መልስ ድንጋይ የሚያርፍበት አለ፤ ከዛፍ ወይም ከበቅሎ የሚወድቅ አለ፤ ከደጀን በቢቸና አድርጎ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ አይሱዙ ወይም ባጃጅ የሚገጨው አለ። ከአገራችን ሆስፒታሎች የወጡ ጥናቶች የመኪና አደጋንና ድብደባን ግንባር ቀደም መንስኤ አድርገው ያስቀምጣሉ። በድብደባው ውስጥ ዱላና ድንጋይ ጎልተው ይታያሉ፤ የሚመታውም በአብዛኛው ወጣት፣ ወንድ፣ ቤተሰብ የሚያበላ ነው።

እስቲ አንዱን ጉዳት ቀረብ ብለን እንየው። ከጆሮ ከፍ ብሎ ያለው የራስ ቅል አጥንት ስስ ነው። ዱላ ሲያርፍበት ይሰነጠቃል፤ ከሥሩ የሚያልፈው ደም ቅዳም አብሮ ይበጠሳል። ሰውየው ይወድቅና ጥቂት ቆይቶ ይነሣል። ደሙን በነጠላው ጠርጎ «ደኅና ነኝ» ይላል፤ በእግሩ ቤቱ ይገባል። ደሙ ግን በአጥንቱና በአንጎሉ ሽፋን መካከል እየተጠራቀመ ነው። የራስ ቅል አይለጠጥምና ቦታ የሚለቀው አንጎሉ ነው። ማታ ራሱን ይወቅረዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ከዚያም እንቅልፍ ይጥለዋል። ቤተሰቡም «ይረፍበት» ብሎ ይተወዋል። ሌሊት ሲቀሰቅሱት አይነቃም፤ መብራት ሲያበሩበት የአንደኛው ዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ይታያል።

ይህ ሰው የሚድነው የራስ ቅሉ ተከፍቶ ደሙ ሲወጣ፣ ያውም በቶሎ ሲወጣ ነው። ይህን ለማወቅ ሙከራ አያስፈልግም፤ ግማሾቹን በዕጣ ሳያክም የሚተው ሐኪምም የለም፣ ሊኖርም አይገባም። ሙከራ የሚያስፈልገው ሐኪሞች ከልብ በሚጠራጠሩበት ቦታ ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ጥርጣሬ ደግሞ በነርቭ ቀዶ ሕክምና ውስጥ ሞልቷል። ደም ማርጊያ መድኃኒት ይሰጠው? አንጎሉ ሲያብጥ አጥንቱ ተነሥቶ ይቆይ ወይስ ይመለስ? ቁስሉ እዚሁ ሞጣ ታጥቦ ይሂድ ወይስ ሳይነካ ባሕር ዳር ይድረስ? ለእነዚህ ሁሉ እያንዳንዱ ሐኪም የየራሱ መልስ አለው፤ መልሱም ከሆስፒታል ሆስፒታል ይለያያል።

ልምድ ብቻውን የት እንደሚያደርስ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ከሃያ ዓመት በላይ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሐኪሞች ራሳቸውን ክፉኛ ለተመቱ ሰዎች ስቴሮይድ የተባለውን መድኃኒት ይሰጡ ነበር። ምክንያታቸው ጥሩ ነበር፤ መድኃኒቱ የአንጎል ዕጢ ያለበትን ሰው እብጠት ይቀንሳል፣ ታዲያ የተመታውንስ አንጎል ለምን አይቀንስም? በለንደን የሃይጂንና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት የሚመራ «ክራሽ» የተባለ ሙከራ ይህን ለመፈተን ተነሣ። በ49 አገሮች፣ በ239 ሆስፒታሎች፣ 10,008 ሕመምተኞች በዕጣ ተከፈሉ፤ ለእኩሌቶቹ ስቴሮይዱ፣ ለእኩሌቶቹ ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ ተሰጠ። የታቀደው 20,000 ሰው ነበር፤ ግን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2004 እንዲቆም ተደረገ። በሁለት ሳምንት ውስጥ መድኃኒቱን ካገኙት 21.1 በመቶ ሲሞቱ፣ ካላገኙት የሞቱት 17.9 በመቶ ነበሩ። በጎ አሳቢ ሐኪሞች በበጎ ልቡና ሲሰጡት የኖሩት መድኃኒት ሰው ይገድል ነበር።

ይህን የሰማ ሁሉ «ሐኪሞቹ እንዴት አላዩትም?» ይላል። እስቲ እናስላው። አንድ ሐኪም በዓመት 100 እንዲህ ያሉ ሕመምተኞች ቢያክምና ለሁሉም መድኃኒቱን ቢሰጥ 21 ይሞቱበታል፤ ባይሰጥ 18። ሦስቱን ማን ያያል? ከዓመት ዓመት የሟቾች ቁጥር በራሱ ከዚህ በላይ ከፍና ዝቅ ይላል። የዳኑት ሊያመሰግኑ ይመለሳሉ፤ የሞቱት ደግሞ «ጉዳቱ ከባድ ስለ ነበር» ይባልላቸዋል። እንዲህ ያለውን ልዩነት በሚያስተማምን መልኩ ለይቶ ለማየት ከ5,000 የማያንስ ሰው በአንድ ደንብ መታየት አለበት። ሦስት ከመቶ ትንሽ የሚመስለው በወረቀት ላይ ብቻ ነው። በሺዎች ሲቆጠር መንደር ሙሉ ሰው ነው።

ታዲያ ለምን በዕጣ? ሐኪሙ ራሱ ቢመርጥ ሳያውቀው ያዳላል። በጣም ለተጎዳው አዲሱን መድኃኒት ይሰጣል፣ ቀለል ያለውን ይተዋል፤ ወይም ከፍሎ ለሚገዛው ይሰጥና ድሃውን ያልፈዋል። ከዚያ በኋላ ማን ለምን እንደ ዳነ አይታወቅም። ወንድማማቾች የአባታቸውን መሬት ሲካፈሉ ዕጣ የሚጥሉት ለምን እንደሆነ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ፤ ከፋዩ ሽማግሌ ለአንዱ እንዳላዳላ ሁሉም እንዲያምን ነው። በሕክምና ሙከራም ዕጣው የሚሠራው ይህንኑ ነው። ወጣቱና ሽማግሌው፣ ቀላሉና ከባዱ ጉዳት፣ ቶሎ የደረሰውና የዘገየው በሁለቱም ወገን ተመጣጥነው ይደርሳሉ። በመጨረሻ ልዩነት ከታየ የሕክምናው ነው ለማለት ይቻላል።

«እኛ ላይ ሊሞክሩ ነው» የሚለው ሥጋት በብዙ ሰው ልብ አለ፤ ሥጋቱን አልንቀውም። ነገር ግን የዕጣ ሙከራ ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። በቢቸናና በሞጣ መካከል ያለውን ጎንቻ ሲሶ እነሴን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በዚያ ወረዳ «ታና» በሚል ስም የታወቀ የትራኮማ ሙከራ ተካሂዷል። 72 ንዑስ ቀበሌዎች በዕጣ ተደለደሉ። በአንዳንዶቹ አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት በዓመት አንድ ጊዜ፣ በአንዳንዶቹ ሁለት ጊዜ ታደለ፤ በአንዳንዶቹ ሕፃናቱ ብቻ በየሦስት ወሩ ወሰዱ፤ ለማወዳደሪያ የቆዩት ደግሞ ዓመቱ ሲሞላ አገኙ። በየሦስት ወሩ በወሰዱት ሕፃናት መካከል የትራኮማው ተሕዋስ የሚገኝባቸው ከ48 በመቶ ገደማ ወደ 4 በመቶ ገደማ ወረዱ፤ መድኃኒቱን ያልወሰዱት ታላላቆቻቸውም ተጠቀሙ። ውጤቱ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። በዓመት አንዴና ሁለቴ የመስጠትን ልዩነት ያወዳደረው የ2012 ጽሑፍ ቀዳሚ ደራሲም ኢትዮጵያዊው ተሾመ ገብሬ ናቸው።

ከዚያው ወረዳ ያልተጠበቀ ነገርም ተገኘ። መድኃኒቱ በታደለባቸው መንደሮች የሕፃናት ሞት ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ሆኖ ታየ። ይህ ፍንጭ በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ ለተደረገ እጅግ ትልቅ ሙከራ መነሻ ሆነ፤ እዚያም እ.ኤ.አ. በ2018 እንደ ታተመው የሕፃናት ሞት ከ13 በመቶ በላይ ቀነሰ። የጎንቻ እናቶች ልጆቻቸውን ለምርመራ አሰልፈው የሰጡት መልስ ኒጀር ድረስ ደርሷል። ይህ በየትምህርት ቤቱ ሊነገር የሚገባው የምሥራቅ ጎጃም ታሪክ ነው፤ አለመነገሩ ያሳዝነኛል።

«ያ መድኃኒት ነው፤ ቀዶ ሕክምናን በዕጣ ማወዳደር ይቻላል ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። እሱም በዚሁ በአማራ ክልል ተደርጓል። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይኑን ለሚወጋው ሰው ሁለት ዓይነት ኦፕራሲዮን አለ። ዶክተር እስማኤል ሀብታሙና ባልደረቦቻቸው 1,000 ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለቱ አደላድለው ዓመት ሙሉ ተከታተሏቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ውጤት በአንደኛው ዘዴ ከተሠራላቸው 22 በመቶ፣ በሌላው 13 በመቶ ሕመሙ ተመልሶባቸዋል። የቀዶ ሕክምና ሙከራ አስቸጋሪነቱ ቢላዋውን የያዘው ሰው የሚሠራውን አለማወቅ አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ውጤቱን የሚመዝነው የቀደደው ሐኪም ሳይሆን ለማን ምን እንደ ተሠራ የማያውቅ ሌላ ሰው ይሆናል። እዚያም የሆነው ይኸው ነው። ለራስ ቅልም ቢሆን ደንቡ አይለወጥም።

አሁን ወደ ራስ ጉዳት ልመለስ። ሌሎች አገሮች ያገኙት መልስ አንዳንዱ እንዳለ ይጠቅመናል፤ አንዳንዱ ደግሞ መንገዱ ላይ ይቀርብናል።

እንዳለ የሚጠቅመውን ላስቀድም። አንድ አዛውንት የበር ጉበን ራሳቸውን ይመታቸውና ይረሱታል። ከሳምንታት በኋላ ነገር ይዘነጋሉ፣ እግራቸው ይጎተታል። «ጃጁ» ይባላሉ። ብዙ ጊዜ ግን በአንጎላቸው ላይ ቀስ ብሎ የተጠራቀመ ደም ነው፤ በትንሽ ቀዳዳ ይወጣል። በእንግሊዝ አገር ኬምብሪጅ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ሙከራ ደሙ ከወጣ በኋላ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ለሁለት ቀን መተው ይጠቅም እንደሆነ ጠየቀ። ቱቦ ካልተደረገላቸው 107 ሰዎች በ26ቱ፣ ከተደረገላቸው 108 በ10ሩ ብቻ ደሙ ተመልሶ ለዳግም ቀዶ ሕክምና አበቃ። በስድስት ወር ውስጥ የሞቱትም በእኩሌታ ያነሱ ነበሩ። ይህን የሚያደርገው ቱቦ ውድ ዕቃ አይደለም። ለዳግም ኦፕራሲዮን ከቢቸና ባሕር ዳር የሚመላለስ ገበሬ ግን በሬውን ይሸጣል።

መንገድ ላይ የሚቀርብን ደግሞ ይኸውላችሁ። «ክራሽ ሦስት» የተባለው ሙከራ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባለውን ደም ማርጊያ በ29 አገሮች፣ በ12,737 ሰዎች ላይ ፈትኖ እ.ኤ.አ. በ2019 ታተመ። ጉዳታቸው ቀላልና መካከለኛ በሆነው ላይ፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ ከተሰጣቸው፣ በራስ ጉዳት የሚሞቱት ከ7.5 በመቶ ወደ 5.8 በመቶ ዝቅ አሉ፤ በጣም ከባድ በሆነው ላይ ለውጥ አላመጣም። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ሦስት ሰዓቱ ግን ከየት ይመጣል? ሰውየው ከቆላው ቀበሌ በቃሬዛ መኪና መንገድ እስኪደርስ፣ አምቡላንስ እስኪገኝ፣ ሞጣ ካርድ እስኪወጣለት፣ ሪፈር ተጽፎለት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ባሕር ዳር እስኪገባ ሰዓቱ ያልፋል። እንግዲህ የእኛ ጥያቄ «መድኃኒቱ ይሠራል ወይ?» ሳይሆን «በጤና ጣቢያ፣ በጡንቻ መርፌ፣ ሲቲ ስካን ሳይጠበቅ ቢሰጥ ያድናል ወይ?» ነው። ይህን ማንም ስለ እኛ አይመልስልንም።

ጥያቄው ከድሃ አገር ቢነሣ ዓለምን ሊያስተምር እንደሚችል ቦሊቪያና ኢኳዶር አሳይተዋል። በሀብታም አገሮች የተጎዳ ሰው ራስ ውስጥ የግፊት መለኪያ ማስገባት እንደ ግዴታ ስለሚቆጠር ያለ መለኪያ ማከምን ማንም ሊፈትን አልደፈረም። እነዚህ ሁለት አገሮች መለኪያው በየቦታው ስለሌላቸው ሊጠይቁ ቻሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የ324 ሕመምተኞች ሙከራ በመለኪያ የታከሙትና በምርመራና በሲቲ ስካን የታከሙት ተመሳሳይ ውጤት እንዳገኙ አሳየ። ግን ልብ በሉ፤ ሁለቱም ወገኖች የተኙት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው፣ ሲቲ ስካንም በተደጋጋሚ ተነሥተዋል። የቢቸና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ውጤቱን አንሥቶ ልጠቀምበት ቢል አይሆንለትም። ኡጋንዳም ምባሌ ላይ ራሳቸው በውኃ ያበጠባቸውን 100 ሕፃናት አሳትፎ ቱቦ መቅበርንና ያለ ቱቦ ኢንዶስኮፕ በሚባል መመልከቻ መሣሪያ ማከምን አወዳድሯል። ከዓመት በኋላ የሕፃናቱ የአእምሮ ዕድገት አልተለያየም። ቱቦው ሲደፈን ቶሎ ሆስፒታል መድረስ ለማትችል እናት ይህ ትልቅ ዜና ነው።

በኢትዮጵያ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከዚያ ወዲህ የባለሙያዎቹ ቁጥር አድጓል፤ ቢሆንም ለየወረዳው የሚበቃ ቀርቶ ለየዞኑም አልደረሰም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2009 በተጀመረ ሥልጠና በድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና በማዋለድ በማስተርስ ደረጃ የሠለጠኑ ባለሙያዎች በየገጠሩ ሆስፒታል እናቶችን በኦፕራሲዮን እያዋለዱ ነው።

እኔ እዚህ ቢደረግ የምለው ሙከራ ከዚህ ይነሣል። አጥንቱ ወደ ውስጥ ሰርጉዶ ቁስሉ ክፍት የሆነበት ፍንከታ በዱላ ከሚደርሰው ጉዳት የተለመደው ነው። ሰውየው ብዙ ጊዜ ነቅቶ ያወራል፤ የሚያሠጋው ቆሻሻና የአጥንት ስባሪ ውስጥ ገብቶ አንጎሉን እንዳያመረቅዝ ነው። ይህን ቁስል በሠለጠነ ባለሙያ፣ ከነርቭ ቀዶ ሐኪም ጋር በስልክ እየተመካከሩ፣ እዚሁ ሞጣና ቢቸና ማጠብና ማስተካከል ይሻላል? ወይስ አንቲባዮቲክና የቴታነስ መርፌ ሰጥቶ ወዲያው ወደ ባሕር ዳር መላክ? ለሁለቱም የሚከራከሩ ጥሩ ሐኪሞች አሉ። ሙከራው በሰው ዕጣ ላይሆን ይችላል፤ እንደ ጎንቻ ቀበሌዎች ሆስፒታሎቹ ራሳቸው በዕጣ ተራ ይዘው፣ አንዱ ዛሬ አንዱ ከስድስት ወር በኋላ ሥልጠናውንና ዕቃውን እያገኙ ወደ አዲሱ አሠራር ቢገቡ ይመቻል። እንዲህ ከሆነ ማንም ሆስፒታል ለዘለቄታው አይቀርም፤ አንድ ነርስም እኩለ ሌሊት ላይ ዕጣ ስታወጣ አትገኝም።

ምን እንለካ የሚለው ላይ ረዘም ላድርግ፤ ብዙ ሙከራ የሚበላሸው እዚህ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ 408 ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ እብጠቱ በመድኃኒት እምቢ ያለ አንጎል አጥንቱ ሲነሣለት በስድስት ወር የሚሞቱት ከ48.9 በመቶ ወደ 26.9 በመቶ እንደሚወርዱ አሳየ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ከጠቅላላው ሕመምተኛ ተርፈው ዓይናቸውን ገልጠው ምንም የማያውቁት ከ2.1 ወደ 8.5 በመቶ ከፍ አሉ። ሞትን ብቻ የቆጠረ ሰው ይህን አያየውም። የገጠር ቤት ደግሞ ያየዋል፤ ለሚያስታምመው ልጅ ትምህርት ይቀራል፣ ሚስቲቱ ከእርሻም ከገበያም ትቀራለች። በዓለም ላይ የሚሠራበት የማገገም መለኪያ «ሰውየው ብቻውን ሱቅ ሄዶ ይገዛል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። እዚህ ሲጠየቅ ሞፈር ይዞ ትልም ያወጣል ወይ፣ በሬ ይጠምዳል ወይ፣ ገበያ ሄዶ እህል ሽጦ ሒሳቡን ሳይሳሳት ይመለሳል ወይ፣ ማኅበር ገብቶ ተጫውቶ ይወጣል ወይ መባል አለበት። ሴትም ከሆነች ውኃ መቅዳቷ፣ እንጀራ ስትጋግር ማዞር አለመጣሉ፣ እሳት ዳር ስትሠራ የሚጥል በሽታ አለመነሣቱ ይጠየቅ። የሚጥል በሽታ ራስ ከተጎዳ ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ሙከራው ሰውን ከሆስፒታል ሲወጣ ብቻ አይቶ ከዘጋ ይህ ሁሉ ያመልጠዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በስድስት ወርና በዓመት ቤቱ ድረስ ሄዳ ልትጠይቀው ይገባል። ቀጠሮውም በአጨዳ ወቅት ወይም ወንዝ በሚሞላበት ክረምት እንዳይውል ከመጀመሪያው ይታሰብበት።

ፈቃድን በተመለከተ፣ በአገራችን ማንኛውም አዲስ መድኃኒት የሚፈተንበት ሙከራ የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ፈቃድና የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴን ይሁንታ ይፈልጋል። ራሱን የሳተ ሰው ግን ራሱ ሊፈቅድ አይችልም፤ የሚጠየቁት አብረውት የመጡት ወንድም፣ አባት ወይም ሚስት ናቸው። አንዳንድ ጊዜ አብሮት የመጣው ጎረቤት ብቻ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ጠቡን የተጋራ ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማን ስለ እሱ ሊፈቅድ እንደሚችል ሙከራው ሳይጀመር ከሽማግሌዎችና ከካህናት ጋር ተመክሮ ይወሰን እላለሁ። ሰውየው ሲነቃም እንደገና ራሱ ይጠየቅ፤ «አልፈልግም» ካለ ይውጣ፣ ሕክምናውም ሳይጓደልበት ይቀጥል።

ፈቃድ ስትጠየቁ እናንተም ጠይቁ። ሁለቱ ሕክምናዎች ምንና ምን ናቸው? ሐኪሙ ራሱ የትኛው እንደሚሻል በእውነት አያውቅም ወይ? ዕጣውን የሚያወጣው ማን ነው፣ ሐኪሙ አስቀድሞ ሊያየው ይችላል ወይ? አንደኛው ወገን እየተጎዳ ከሆነ በመካከል አይቶ የሚያስቆም ከተመራማሪው የተለየ ቡድን አለ ወይ? የክራሽ ሙከራ በ10,008ኛው ሰው ላይ የቆመው እንዲህ ያለ ቡድን ስለ ነበረው ነው። ሕክምናው የሚያድን ሆኖ ቢገኝ ሙከራው ካለቀ በኋላ በቢቸናና በሞጣ ይገኛል ወይ? ውጤቱስ በውጭ መጽሔት ከመውጣቱ ጋር በዚህ ወረዳ፣ በአማርኛ፣ ለተሳተፉት ቤተሰቦች የሚነገረው መቼ ነው? ተመራማሪው ለእነዚህ በጽሑፍ መልስ ከሌለው ፈቃዱን ማዘግየት መብታችሁ ነው፤ ሕመምተኛው ግን በዚያው ሌሊት የተለመደውን ሕክምና ሳይከለከል ያገኛል።